ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት መሬቱን አስለኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ወደ ደብረ ሲና መውረጃው ላይ የቆየ የድንጋይ ቤት አግኝቷል። ዋጋውን ጨርሷል፣ ቅዳሜ ሄዶ ቀብድ ሊሰጥ ነው። «መምህር፣ አገሩ እንዴት ነው?» አለኝ። ስለ አገሩ አልመለስኩለትም። «መሬቱን አስለክተሃል ወይ?» ነው ያልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ወረቀት አለው እኮ» አለኝ።

እኔም የዛሬ አራት ዓመት ያልኩት ይህንኑ ነበር። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው። ደብረ ብርሃን እየሰፋች ስትሄድ፣ ከአዲስ አበባም ጡረተኛው፣ ከውጭም የሚመለሰው በአካባቢው ያለውን አሮጌ ቤት እየፈለገ ነው። ቤቱን ሁሉም ያየዋል። ጣራውን ይመለከታል፣ ግድግዳውን ይመታል፣ ውሃና መብራት መኖሩን ይጠይቃል። የቆመበትን መሬት ግን የሚያስለካ ስንት ነው? እኔ በማውቃቸው ገዢዎች መካከል አንድም ሰው አላየሁም፣ ራሴንም ጨምሮ።

የገዛሁት ቤት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የገጠር ከተማ ውስጥ ነው። ነባር ይዞታ ነው፣ በሊዝ ሳይሆን ከድሮ ጀምሮ የተያዘ ማለት ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ውፍረቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ይሆናል፣ ያንን የደጋ ንፋስ አያስገባም። ምሰሶው ጽድ ነው። ባለቤቴ ገና በሩን እንዳየች ወደደችው። ሻጩ በያዘው ዱላ እየጠቆመ አዞረን። «ከዚህ ካብ እስከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከላይ ከመንገዱ እስከ ታች እስከ ቦዩ» አለን። ወረቀቱም በእጅ የተጻፈ፣ ወርዱ 25፣ ቁመቱ 32 ሜትር፣ 800 ካሬ ይላል። የግብር ደረሰኙም 800 ይላል። ደላላው በጎን «ሌላ ሰው እያነጋገራቸው ነው፣ እንዳያመልጥዎ» ይለኛል። ወሰንተኛዋ አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር እየፈተሉ ያዩናል። ሰላምታ ሰጠናቸውና አለፍን። ያን ቀን ከእሳቸው ጋር አምስት ደቂቃ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከመስቀል በኋላ አጣና ገዝቼ፣ የእሾህ ሽቦ ጭኜ ላጥር መጣሁ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ካቡ ሥር ስቆፍር የአሮጊቷ ልጅ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ እዚያ ላይ አይትከሉ። ካቡ ወሰን አይደለም፣ የበግ ጉረኖ ነበር» አለኝ። ደሜ ፈላ። ወረቀቴን አወጣሁ። ልጁ አልተከራከረኝም፣ ሄዶ እናቱን ጠራቸው። እማማ በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ መጡና ካቡን አልፈው ወደ እኔ ግቢ ገቡ። አራት እርምጃ ያህል እንደሄዱ አንድ ግራዋ ሥር ቆሙ። ቅጠሉን በምርኩዛቸው ገለጥ አደረጉት። እስከ አንገቱ የተቀበረ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሽበት የመሰለ ነገር የለበሰ ድንጋይ ታየ። «ይኸው ወሰኑ» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ማድ ቤቴና መጸዳጃ ቤቴ ከድንጋዩ ወዲያ ናቸው፣ በእሳቸው በኩል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሻጩ አባት በችግር ጊዜ ለበጎቻቸው ጉረኖ የሚሆን ቦታ ከእማማ ባል ለምነው፣ በጉርብትና ተፈቀደላቸው። በጎቹ አለቁ፣ ካቡ ቀረ። አባት ሞቱ። ልጅየው ካቡን ተደግፎ ማድ ቤት ሠራበት። እማማ ለጉርብትናው ሲሉ ዝም አሉ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ቀያሽ የፈለግኩት። አንድ ወጣት ባለሙያ መጣና ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለካው። 660 ካሬ። ከ800 ላይ 140 ካሬ የለም ማለት ነው። ወርዱ ላይ የጠፋው ሦስት ሜትር የጉረኖው ነው፣ እሱ ገባኝ። ቁመቱ ላይ ግን ከላይ መንገዱ ከታች ቦዩ፣ ማንም አልገፋው፣ 32 የነበረው እንዴት 30 ሆነ? ወጣቱ ቀያሽ ሜትሩን መሬት ላይ አጋድሞ አሳየኝ። ግቢያችን ቁልቁለት ነው። ድሮ የለኩት ሰዎች ገመዱን መሬቱን አስከትለው ነው የለቀቁት። በካርታ ላይ የሚቀመጠው ግን አግድም የተለካው፣ ጠፍጣፋው ስፋት ነው። ሜትሩ በአየር ላይ አግድም ተወጥሮ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። የእኛ ቦታ ወደ 20 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ 32ቱ 30 ይሆናል። 30 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ 32ቱ ወደ 28 ይወርድ ነበር። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ያለካኩ ጉዳይ ነው። ግን ሸዋ ውስጥ፣ በተለይ ወደ ጣርማበርና ወደ አንኮበር ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ለጥ ያለ ግቢ ከየት ይመጣል? እናንተ ግን በካሬ ሒሳብ ነው የምትከፍሉት።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ቦታው በከተማ ክልል ውስጥ ነው ወይስ የገጠር ይዞታ ነው የሚለው ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። በከተማ ክልል ውስጥ ያለ ነባር ይዞታ ከሆነ ቤቱን ገዝታችሁ ስሙን ታዛውራላችሁ። የአርሶ አደር የእርሻ ይዞታ ከሆነ ግን ሽያጭ የለም። በአማራ ክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009ም በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ማውረስ፣ መስጠት፣ ማከራየት አለ እንጂ መሸጥ አልተፈቀደም። አንዳንድ ደላላ «ስጦታ ብለን እንጽፈዋለን» ይላችኋል። እባካችሁ እዚህ ውስጥ አትግቡ። ነገ ሻጩ ወይም ልጆቹ ቢክዷችሁ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ውል አያቆማችሁም። የቤት ሽያጭ ውልም ቢሆን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። እቤት ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት አይበቃም።

ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ድሮ ገጠር የነበረ ቤት በከተማ ክልል ውስጥ ይገባል፣ ባለቤቱ እጅ ላይ ያለው ግን የገጠሩ የይዞታ ደብተር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የትኛው ደብተር እንደሆነ እዩ። የመጀመሪያ ደረጃው የባለይዞታውን ስም፣ ስፋቱንና በአራቱ ማዕዘን ያሉትን አዋሳኞች ይጽፋል። ካርታ የለውም፣ ስፋቱም በገመድ ወይም በግምት የተወሰደ ነው። በጥማድ የተገመተም አለ፣ ጥማድ ደግሞ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ማለት ነው፣ ከመሬት መሬት ይለያያል። ሁለተኛ ደረጃው ነው ከአየር ፎቶ ወይም በመሣሪያ ተለክቶ፣ ቅርጹ ወጥቶ፣ ልዩ ቁጥር ተሰጥቶት የሚመጣው። የመጀመሪያውን ይዞ «ካርታ አለው» የሚል ሻጭ ብዙ ነው።

ስልካችሁንም አትመኑት። ተማሪዬ ሻጩ የላከለትን፣ የግቢው ማዕዘኖች የት እንደሆኑ የሚያሳዩ የካርታ ቁጥሮች ስልኩ ላይ ሲያስገባ ቤቱን ትቶ ገደል ውስጥ ጣለው። ደንግጦ «የውሸት ካርታ ነው እንዴ?» አለኝ። ቀያሹን ጠየቅኩለት። አገራችን ለረጅም ጊዜ የተጠቀመችበት የካርታ መነሻ አዲንዳን ይባላል፣ ስልኮች የሚጠቀሙት ደግሞ ሌላ ነው፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84። ቁጥሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቀየር ከገባ በእኛ አካባቢ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይፈናቀላል። ካርታው ትክክለኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በትክክል ቢገባ እንኳ የስልክ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትር ይስታል። የእኔና የእማማ ጉዳይ ሦስት ሜትር ነበር። ይህንን ስልክ አይፈታውም፣ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ወይም ደህና የቅየሳ ጂፒኤስ የያዘ ባለሙያ ያስፈልጋል።

መሣሪያ ብቻውን ግን አይበቃም። መሣሪያው ነጥብን ይለካል እንጂ ወሰኑ የቱ ነው የሚለውን አያውቅም። እሱን የሚያውቁት ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ በሚለካበት ቀን አራቱም ወሰንተኞች ይቁሙ። አንዱ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ከሆነ ወክሎ የሚቆም ሰው ይላክ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ይገኝ፣ ዕድሜ ጠገብ ሽማግሌም ይጠራ። ሲባጎ ይወጠር፣ ችካል ይተከል፣ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ሁሉም እዚያው ይፈርም። ሻጩ «ጎረቤት ምን አገባው?» ካለ ቀብዳችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

እዚያው ላይ እያላችሁ መንገዱንና ውሃውንም ጠይቁ። ሰው ወደ ምንጭ የሚወርደው በየት ነው? ከብት የሚያልፈው በየት ነው? በእኔ ግቢ ታችኛው ጥግ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያቋርጥ ቀጭን መንገድ አለ። ሰው ሲያልፍበት የኖረ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ልዘጋው ብዬ ነበር፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። የጣራችሁ ውሃ የሚወርደው በማን በኩል ነው? ይህን በበጋ አታዩትም፣ ክረምት ላይ ነው የሚታየው። ቅየሳው ግን ገብስና ባቄላው ከተሰበሰበ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ድንጋዩን አረም አይሸፍነውም፣ ሰውም ጊዜ አለው።

የእኔን መጨረሻ ልንገራችሁ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሻጩ ከተቀበለው ላይ የተወሰነ መለሰልኝ፣ ሁሉንም አይደለም። እማማ «ማድ ቤቱ እስኪያረጅ ይቆይ» ብለውኝ ነበር። አልፈለግኩም። ነገ ለልጆቼና ለልጆቻቸው ጠብ ማቆየት ነው። በሦስት ቀን አፈረስኩት፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ወደ እኔ በኩል አዞርኩ። በሁለተኛው ቀን እማማ ጠላና ትኩስ ዳቦ ላኩልኝ። አሁን ቡና የምንጠጣው አብረን ነው። ግን ስንት ቦታ እንዲህ ሆኖ ያልቃል? በአንድ ክንድ መሬት ወንድማማች ሲካሰስ፣ ሰው ሲገዳደል በዚህ አገር አይተናል።

ለሚመለከታቸው ቢሮዎች አንድ ልመና አለኝ። የእኔ ቤት ስም ሲዛወር ማንም ወጥቶ አልለካም፣ 800 የሚለው ወረቀት 800 ተብሎ በእኔ ስም ተገለበጠ። ባለሙያ ቢወጣም እንኳ የሚወጣው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ሻጭና ገዢ ተስማምተው «ውል ሳንዋዋል ይለካልን» ብለው ሲመጡ የሚያስተናግድ መስኮት ይኑር። ክፍያው ይወሰን፣ ቀኑ ይታወቅ። ብዙ ሰው ይከፍላል፣ እኔ በደስታ እከፍል ነበር።

እናንተም የጋዜጣው አዘጋጆች በየወረዳው ደውላችሁ፣ የትኛው ቢሮ በምን ያህል ክፍያ፣ በስንት ቀን እንደሚለካ ጠይቃችሁ ብታወጡልን ትልቅ ውለታ ነው። ተማሪዬ የቅዳሜውን ቀብድ አስተላልፎታል። ቀያሽ እየፈለገ ነው፣ ማንን እንደሚጠይቅ ግን አላወቀም።

አክባሪያችሁ
ጡረተኛው መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ