ትምህርትሽን አቋርጠሽ ዊዝድሮው ከማድረግሽ በፊት

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ባለፈው እናትሽን ቅዳሜ ገበያ አገኘኋቸው። «ማስተርሷን ልትተወው ነው፤ ጭንቅላቴ አልቀበል አለኝ ትላለች» አሉኝ። ደነገጥኩ። ኬሚስትሪን ለክፍሉ ሁሉ ታስረጂ የነበርሽ ልጅ!

ስለ ሥራሽ ስጠይቃቸው ነው ነገሩ የገባኝ። አንዱን ሳምንት አዳር፣ ሌላውን ቀን፣ ደግሞ ተመልሶ አዳር። በዚህ መሃል ልጆች፣ ምግብ፣ ንባብ። እንቅልፍሽ ቦታ አጥቷል እኮ!

ነርስ ነሽና ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን የራስ ጉዳይ ሲሆን ይረሳል። አንጎላችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚተላለፉበት ከፍ ብሎ፣ ቀንና ሌሊትን የምትቆጥር ትንሽ ሰዓት አለች። በብርሃን ነው የምትስተካከለው። ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ይለቀቃል። ወደ ንጋት ሲጠጋ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፤ ንቃትም አብሮ ይወርዳል። ይህ የሰውነት ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን በ2010 ዓ.ም. የሕክምና ኖቤል ተሸልመውበታል። ታዲያ ይህች ሰዓት የተረኞች ዝርዝር ስለተለጠፈ ብቻ አትዞርም። በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተጎተተች ነው የምትከተለው። ልትደርስ ስትል ያንቺ ሺፍት ይቀየራል።

ጎረቤታችን ያሉት መሪጌታ ለሐምሌ ሥላሴ ማሕሌት ቆመው ያድራሉ። በማግስቱ ይተኛሉ፤ ከዚያ ቅኔ ሲያስተምሩ አንዲት ቃል አይስቱም። አንድ ሌሊትን ሰውነት ይችለዋል። አንቺን የጎዳሽ ማብቂያ ማጣቱ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፦ በ1995 ዓ.ም. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሰዎችን ለ14 ቀን በቀን 6 ሰዓት ብቻ አስተኝቶ ፈተናቸው። መጨረሻ ላይ ትኩረታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ካደረ ሰው አይሻልም ነበር። እነሱ ግን ይህን ያህል መውረዳቸውን ልብ አላሉትም! የደከመ አእምሮ ድካሙን መለካት ያቅተዋል። አንቺም ከአዳር ወጥተሽ «አልችልም» ስትዪ የምትፈርጂው በዚያው በደከመ አእምሮ ነው። ስለዚህ አሁን አትወስኚ።

ሄድ ነርሷን፣ የነርሶቹን ኃላፊ፣ አነጋግሪያት። ሺፍቱ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ አዳር ቢዞር ሰውነት ይሻለዋል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ነው የሚከብደው። በሁሉም ቀን የማይለወጡ ጥቂት የእንቅልፍ ሰዓቶች ይኑሩሽ፤ አዳር ሆንሽም ቀን፣ እነሱን ማንም አይንካቸው። ጠዋት ከአዳር ስትወጪ ጥቁር መነጽር አድርጊ፣ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርጂው። ቡናውን በአዳሩ መጀመሪያ ጠጪ፤ ሊነጋ ሲል የጠጣሽው ቤት ድረስ ተከትሎሽ እንቅልፍ ይከለክልሻል። ከአዳር ወጥቶ ማጥናት ደግሞ ይቅርብሽ። የተነበበው የሚጸናው ስትተኚ ነው። ልጆቹን በተመለከተ እናትሽ እስከ ፈተናሽ መጥተው ሊይዙልሽ ፈቃደኛ ናቸው፤ አንቺን ማስቸገር መስሏቸው ነው ዝም ያሉት።

እረፍት ወስደሽ፣ ጥቂት ቀን በደንብ ተኝተሽ፣ ከዚያ ያን ያቃተሽን ምዕራፍ እንደገና ክፈቺው። ከዚያም አልሆነልኝም ካልሽ አብረን እናስብበታለን። ቅዳሜና እሑድ ቤት ነኝ፤ እስኪ ደውዪልኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

የዘወትር ጓደኛሽ፣ ከጎንደር