የክረምቱ ነገር፦ ልጆቻችን

ሰላም ጎረቤቶች፣

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አዌቱ ወንዝ ነው። እኛ ሰፈር ፀሐይ ሆኖ ወንዙ በሚመጣበት በላይ በኩል ከዘነበ ድንገት ይሞላል። ልጅ ዳሩ ላይ ያየ ሰው ይመልሰው። “የእኔ አይደለም” ብሎ ማለፍ የለም።

ቤት ተዘግቶባቸው ግን አይከርሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሱዚ፣ ገመድ፣ ኳስ፣ ሁሉም ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ የማይበዛበት የውስጥ መንገድ ላይ ይጫወቱ፤ ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ እንጠብቃቸው። አባቶችም ጭምር! (ቡናችሁን ጠጥታችሁ ኑ፤ ሰበብ አይሰራም።)

የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ነው። ሁለተኛው ይረሳል፤ ካርዱን እዩት።

ተራ የምትገቡ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ።