ደብዳቤ ለልጄ፦ ለብርድ ወራት ስለሚሆን ቅልቅል ቀይ ወይን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶን ደስ ብሎን እያነበብነው ሳለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። «ቅልቅል ቀይ ወይን አልገዛም፤ የተራረፈውን አንድ ላይ ደፍተው ነው የሚሸጡት» ትያለሽ። ይህን ፍርድ ማን እንዳስተማረሽ አላውቅም፤ ብርዱ ሳይገባ ግን ይግባኝ ልጠይቅበት።

ቅልቅል ማለት ከአንድ በላይ የወይን ዘር ያለበት ማለት ነው፤ እስቲ ከራስሽ መደርደሪያ እንጀምር። ካበርኔ ከሚባለው የወይን ዘር ብቻ የተጠመቀ ነው ብለሽ የገዛሽው ጠርሙስ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ወይኑ 85 ከመቶ ከአንድ ዘር ከተጠመቀ በዚያ ዘር ስም መሸጥ ይፈቀዳል፤ በአሜሪካ በአብዛኛው 75 ከመቶ ይበቃል። ስለዚህ አንቺም ሳታውቂው ቅልቅል ስትጠጪ ኖረሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ፈረንሳዩ የወይን አገር ወደ ቦርዶ። እዚያ ስመ ጥር የሆኑት ቀይ ወይኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅልቅል ናቸው፤ ምክንያቱም የሚጀምረው ከሰማዩ ነው። ሜርሎ የሚባለው ዘር ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ቀድሞም ይበስላል፤ የጸደይ ውርጭ ሲመጣ ይበልጥ የሚጎዳው እሱ ነው። ያ ያንቺ ካበርኔ፣ ሙሉ ስሙ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ዘግይቶ ስለሚያቆጠቁጥ ከውርጩ ቢያመልጥም፣ ዘግይቶ ስለሚበስል የመኸር ዝናብ ይደርስበታል። አትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገቡ ያለ ገበሬ በአንዱ ብቻ አይተማመንም፣ ሁለቱንም ይተክላል። ከየአንዳንዱም ዓመቱ የፈቀደለትን ያህል ይወስዳል፤ የአንዱ ቤት ቅልቅል መጠን ከዓመት ዓመት የሚለያየው ለዚህ ነው።

ወደ ጣዕሙ ስንመጣ፣ የካበርኔ ፍሬ ትንሽ፣ ልጣጩም ወፍራም ነው። ድድሽን ጭምድድ የሚያደርገው ታኒን ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከልጣጩና ከፍሬው ውስጥ ካለው ዘር ነው። ስለዚህ ለጋ ካበርኔ ብቻውን ሲሆን አፍ ሲገባ ኃይለኛ፣ ሲዋጥም ኃይለኛ ሆኖ መሃሉ ላይ ጎደል የሚልበት ጊዜ አለ። ሜርሎ ያንን መሃል ይሞላዋል። ካበርኔ ፍራን የሚባለው ሌላ ዘር መዓዛ ይጨምራል፤ ፔቲ ቬርዶ ቀለሙም ታኒኑም ብርቱ ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃል። ከቦርዶ ሰፈሮች በጠጠራማው ሜዶክ ካበርኔ ይገንናል፤ ሸክላ አፈር በሚበዛባቸው ሳንት ኤሚሊዮንና ፖምሮል ሜርሎ ይነግሣል። ለስለስ ያለ ከፈለግሽ ወደ እነዚህ ሁለቱ ሂጂ።

የእኔን ልብ ከጠየቅሽኝ ግን ለብርድ በፈረንሳይ የሮን ወንዝ ሸለቆ ከሚጠመቀው የደቡብ ሮንን የሚያህል የለም። የዚያ አገር ዋና ዘር ግሬናሽ ፀሐይ ይወዳል፣ ስኳሩ ይበዛል፣ አልኮሉም በዚያው ልክ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፣ አየር ሲነካውም ቶሎ ይደክማል። ሲራ የሚባለው ዘር ቀለምና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ያመጣለታል። ሦስተኛው ዘር ሙርቬድር አየሩን ይቋቋምለታል፣ አጥንትም ይሆነዋል። እንደ እኔና እናትሽ ማለት ነው፤ ግሬናሹ ማን እንደሆነ ግን አልናገርም። እዚያው ደቡብ ሮን ባለው ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ላይ ደንቡ በጥንቱ አቆጣጠር 13 ዘር ይፈቅዳል፣ ነጮችም አሉበት፤ አብዛኛው ጠማቂ ግን መሠረቱን ግሬናሽ ላይ ይጥላል። በሮን ሰሜን ባለው በኮት ሮቲ ደግሞ ሲራ ከነጩ ቪኦኒዬ ጋር፣ እስከ 20 ከመቶ ድረስ፣ አብሮ እንዲብላላ ተፈቅዷል። ነጭ ሲገባበት ይፈዛል ብለሽ የምትጠብቂው ቀይ ቀለሙ ይብሱን ይጸናል።

ስለ ተራረፈው ያልሽውም ተገላቢጦሽ ነው። አብዛኞቹ ዘሮቹን ለየብቻ ነው የሚጠምቁት፣ የሚበስሉበት ጊዜ ስለሚለያይ። ከዚያ ከየበርሜሉ እየቀዱ፣ እየለኩ፣ እየቀመሱ ይከርማሉ። በታላላቆቹ ቤቶች ያልተስማማው በርሜል ከዋናው ወይን ይወጣና በሁለተኛ ስም ይሸጣል።

አማሮኔ የሚባለውን የጣሊያን ወይንም መጠየቅሽ አይቀርም። እሱም ኮርቪና የሚባለውን ዘር ዋና አድርጎ፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ለወራት ደርቆ የሚጠመቅ ቅልቅል ነው። አልኮሉ ከ14 ከመቶ አይወርድም። ብዙ ሰው ያደንቀዋል፤ እኔ ከግማሽ ብርጭቆ በላይ አይሆንልኝም።

ስታቀርቢው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። ብርድ ላይ ያደረ ወይን ታኒኑ ይመርራል፣ ማሞቂያ አጠገብ የዋለ ደግሞ ከፍሬው ይልቅ አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይወጣል። ካበርኔ የበዛበትን ለጋ ወይን ከመጠጣትሽ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ሰፊ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገልብጪው። የተረፈውን ክደኚና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቢው፤ ግሬናሽ የበዛበትን በተለይ አታቆዪው።

ደግሞ ሞቀኝ ብለሽ ካፖርትሽን ጥለሽ እንዳትወጪ! አልኮል በቆዳሽ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነው ሙቀት የሚሰማሽ፤ ሰውነትሽ እንዲያውም ሙቀቱን እያጣ ነው።

አንድ የሳንት ኤሚሊዮን፣ አንድ የደቡብ ሮን ገዝተሽ ጎን ለጎን ቅመሺና የትኛው እንዳሸነፈ ጻፊልኝ። እናትሽ በሳንት ኤሚሊዮን ተወራርዳኛለች።

አባትሽ