ልጄን ላጎረሳችሁ ሁሉ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምትኖሩ ወዳጅ ዘመዶቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከ14 ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤዝቦል ጨዋታ ላይ ኳስ ወረወረ። አንድ ኢኒንግ፣ ማለትም አንድ ዙር ብቻ ነው። 17 ኳስ። ቆጥሬያለሁ። ሲጨርስ ክንዱን ዘረጋው፣ አጠፈው፣ ከዚያ ወደ እኛ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ለዚህ ላበቃን አምላክ ምስጋና ይግባው። ይህን መልእክት የጀመርኩት እዚያው የሜዳው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው።

ብዙዎቻችሁ "ልጁ ምን ሆኖ ነው?" ስትሉኝ በወጉ አላስረዳኋችሁም። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ማስረዳት ይከብደዋል። አሁን ልንገራችሁ።

ልጄ ፒቸር ነው፤ ቤዝቦል ላይ ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ማለት ነው። ባለፈው ዓመት መጋቢት፣ 16 ዓመቱ ነበር፣ አንድ ኳስ ሲለቅ ክርኑ ቋ አለ። መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ "ደክሞት ነው፣ ሁለት ሳምንት ይረፍ" አሉን። አረፈ። ሲመለስ አሥር ኳስ እንኳ መወርወር አቃተው፤ ትንሿ ጣቱ ትደነዝዝ ጀመር። ኤምአርአይ ሲነሳ፣ ክርኑን ከውስጥ በኩል አስሮ የሚይዘው ጅማት ተበጥሷል።

ሐኪሙ "ቶሚ ጆን ያስፈልገዋል" አለ። እናቱ የሌላ ሐኪም ስም መስሏት "የት እናገኘዋለን?" አለችው። ለካ ቶሚ ጆን ኦፕራሲዮኑ መጀመሪያ የተደረገለት በሽተኛ ነው፤ ስሙ ለኦፕራሲዮኑ ቀረ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ሰውዬው ሳነብ ነጋ። ቶሚ ጆን የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድን ግራኝ ፒቸር ነበር። በፈረንጆች 1974 ሐምሌ ላይ 13 ጨዋታ አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ፣ በ31 ዓመቱ፣ ልክ እንደ ልጄ በአንድ ውርወራ መሀል ክንዱ ከዳው። እስከዚያ ድረስ እንዲህ የሆነ ፒቸር እንጀራው አለቀ ማለት ነው። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ግን ማንም ያልሞከረውን ሞከሩ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስደው ለግራ ክርኑ ተኩለት። የመመለስ ዕድሉ ከ100 አንድ ነው ብለው ነግረውት ነበር። እሱም "እሺ" አለ።

1975ን ሙሉ አንድ ጨዋታ አልተጫወተም። እኔን ያጽናናኝ ይሄ ነው። በታሪኩ ውስጥ ባዶ የሆነ አንድ ዓመት አለ፤ ምንም ቁጥር የለበትም። በ1976 ተመለሰና 10 ጨዋታ አሸነፈ። በ1977 ደግሞ 20። እስከ 46 ዓመቱ፣ እስከ 1989 ድረስ ወረወረ። በሕይወቱ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጡ ናቸው። ጠዋት ልጄን ቀስቅሼ ይህንኑ ቁጥር ነገርኩት። "አባዬ፣ አውቀዋለሁ" አለኝ። ግን ፈገግ አለ።

ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለትን ሐኪም ከልቤ አመሰግናለሁ። "አውራ ጣትህንና ትንሿን ጣት አጋጥመህ አንጓህን እጠፍ" አለው። አንጓው ላይ አንድ ቀጭን ጅማት ብቅ አለች። "ይቺን ነው የምንወስደው" አለን። አንዳንድ ሰው ጭራሽ የለውም፣ ሳይኖረውም ምንም አይጎድልበትም። አጥንቱን በስተው ያቺን ጅማት እንደ ክር አስገቡለት።

ከዚያ በኋላ የእናንተ ሥራ ነው የመጣው።

ልጄ የሚወረውረውም የሚበላውም በቀኙ ነው። ክንዱ በብረት ድጋፍ ታስሮ በግራ እጁ እንጀራ መቁረስ አፈረ። ሹካ ስንሰጠው ዝም ብሎ ያየዋል። የማኅበራችን እናቶች ተራ ገብታችሁ መጣችሁ። ዶሮውን ከአጥንቱ ፈልቅቃችሁ፣ በአይቡ ጠቅልላችሁ አጎረሳችሁት። "አንድ ያጣላል" እያላችሁ ሁለተኛውን ስትደግሙለት፣ ያ ቤት የገባው ጭንቀት ትንሽ ትንሽ ሲወጣ አይቻለሁ። እዚህ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ጉርሻ ምን እንደሆነ ያወቀው ያኔ ይመስለኛል።

ታክሲ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ እኔ ፈረቃ ላይ ስሆን በሳምንት ሁለቴ ቴራፒ ያደረሳችሁት፣ ሒሳብ አንቀበልም ያላችሁት፣ ውለታችሁን በምን እከፍላለሁ? ቴራፒስቷን ደግሞ እግዜር ይስጣት። ግማሽ ኪሎ ብረት ሲያነሳ፣ ለሌላው ልጅ ጎል እንደሚጨበጨብ ታጨበጭብለት ነበር። በአምስተኛው ወር ከአሥር ሜትር ርቀት የመጀመሪያዋን ኳስ ቀስ አድርጎ ሲወረውር ያነሳችው ቪዲዮ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። እናቴም ከደሴ በየቀኑ "ክንዱ እንዴት አደረች?" እያለች ስትደውል ከርማለች።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ልጄ ለትምህርት ቤቱም ለቅዳሜና እሑድ ቡድኑም ይወረውር ነበር። አንዱ የሌላውን ቆጥሮ አያውቅም። እኔም አልቆጠርኩም፤ ይህ ይቆጨኛል። ከ15 እስከ 16 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን ቢበዛ 95 ውርወራ ነው፣ 76 ከደረሰ ደግሞ አራት ቀን ማረፍ አለበት። በዓመት ውስጥም ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ መራቅ አለበት። እባካችሁ ራሳችሁ ቁጠሩ።

ኦፕራሲዮኑ ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። የእኛው የዋሽንግተኑ ፒቸር ስቴፈን ስትራስበርግ በ2010 ይህንኑ ተደርጎለት ተመልሶ፣ በ2019 የዎርልድ ሲሪስ፣ የቤዝቦሉ የዋንጫ ፍጻሜ ማለት ነው፣ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። የደስታው ሰልፍ ዕለት ልጄን ይዤው ወጥቼ ነበር፤ ፒቸር እሆናለሁ ያለው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስትራስበርግን ሌላ ጉዳት ያዘውና ብዙም ሳይጫወት ቀረ፣ በ2024 ጡረታ ወጣ። ልጄ ይህንንም ያውቃል። አውቆ ነው የተመለሰው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሁለት ኢኒንግ ተፈቅዶለታል። እናቱ ቡና በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች። ሕጉን የማታውቁ አጠገቤ ተቀመጡ፣ አስረዳችኋለሁ።