ከኮረብታው ጀርባ

ውድ ሂሩቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጻፍኩልሽ ሁለት ዓመት አለፈ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በዘገየሁ ቁጥር አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ ዘገየሁ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘችኝ ማርስ ላይ የበረረችው ትንሽ ሄሊኮፕተር ናት። በሰፈራችን ሄሊኮፕተር ባለፈ ቁጥር አንገታችንን ቀና አድርገን እየሮጥን የምንከተለው ትዝ አለኝ። ታዲያ ላንቺ ያልነገርኩ ለማን ልንገር?

ስሟ ኢንጀኒዩቲ ነው። ክብደቷ 1.8 ኪሎ ብቻ። የማርስ አየር በጣም ስስ ነው፤ ከኛ አየር መቶ እጅ አንዱን ያህል ቢሆን ነው። በዚያ አየር ለመነሳት ክንፎቿ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ገደማ መሽከርከር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 2021 ሦስት ሜትር ከፍ ብላ 39 ሰከንድ በረረች። የታሰበላት አምስት በረራ ነበር። 72 ጊዜ በረረች!

ከምድር የሚላክላት ትእዛዝ እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈጃል። ስለዚህ አየር ላይ ሆና የሚመራት ሰው የለም። በካሜራዋ መሬቱን እያየች፣ ድንጋዩን ምልክት እያደረገች ራሷ ትሄዳለች።

ከሁሉ አንጀቴን የበላው 52ኛው በረራዋ ነው። ኤፕሪል 26 ቀን 2023 ልታርፍ ስትል ድምጿ ጠፋ። መልእክቷን የምትቀበልላት ፐርሰቬራንስ የምትባለው ሮቨር፣ ማለትም ማርስ ላይ በጎማ የምትሄድ ሰው አልባ ተሽከርካሪ፣ ናት፤ በመካከላቸው ኮረብታ ገብቶ ነበር። 63 ቀን ዝም። ሮቨሯ ኮረብታውን ስትወጣ፣ ጁን 28 ላይ፣ ተገናኙ። ሄሊኮፕተሯ ለካ ደህና ነበረች። እዚህ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ወረቀት ፈለግኩ።

ጃንዋሪ 2024 ላይ ግን ምልክት የሚሆን ድንጋይ የሌለበት አሸዋ ላይ ስትወርድ መንገዱ ጠፋት። ክንፎቿ ተሰበሩ። አሁንም እዚያው ቆማለች። እውነቴን ነው፣ አዘንኩላት።

ቀጣዩ በራሪ መሣሪያ ድራጎንፍላይ ነው፤ የሳተርን ጨረቃ ወደሆነችው ታይታን ይሄዳል። እዚያ አየሩ ከኛ አራት እጥፍ ይወፍራል፣ ስበቱ ደግሞ ሰባት እጥፍ ያንሳል። ለመብረር እንዴት ይመቻል መሰለሽ! እ.ኤ.አ. በ2028 ተነስቶ በ2034 እንዲደርስ ነው የታቀደው። ልጅሽ ያኔ ትልቅ ሰው ይሆናል። ከአሁኑ ንገሪው።

የድሮው ስልክሽ አይሠራም። ደብዳቤውን በእማማ በኩል ልኬዋለሁ። አዲሱን ቁጥርሽን ለእሳቸው ስጫቸው፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄዳለሁ።

የምትናፍቅሽ፣
አልማዝ