ስለ ክላስተሩ ጉዳይ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰለሞን፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ፣ ጠፍቼብህ ነው እንጂ። ወቀሳውን ስንገናኝ እቀበላለሁ፤ አሁን ወደ ጥያቄህ ልግባ፦ በስፒትዘር የኅዋ ቴሌስኮፕ የኢንፍራሬድ ምስሎች ሩቅ ክላስተር (የጋላክሲዎች ስብስብ) እንዴት እንደሚለይ፣ በውስጡም ኮከብ የሚወልዱት ጋላክሲዎች እንዴት እንደሚለኩ።

በስፒትዘር ምስሎች ሩቅ ክላስተር መለየቱ ቀላሉ ነው። የጋላክሲ ከዋክብት ብርሃን በሞገድ ርዝመት 1.6 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ላይ ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ ሬድሺፍት (ከሩቅ የመጣ ብርሃን ሞገድ የረዘመበት መጠን) 1.5 ላይ ያ ጉብታ 4 ማይክሮን ይደርሳል። ስለዚህ ከ3.6 ማይክሮኑ ማግኒቲውድ (የድምቀት መለኪያ ቁጥር) የ4.5ቱን ቀንሰህ ከ−0.1 በላይ የሆኑትን ያዝ፤ አብዛኞቹ ከሬድሺፍት 1.3 ማዶ ናቸው። ይህ ኤቢ በሚባለው የማግኒቲውድ መለኪያ ነው። ካታሎግህ ቬጋ በሚባለው ሌላ መለኪያ ከሆነ ገደቡ 0.37 ገደማ ነው፤ ይህን ያምታታ ሰው ሰማዩ ሁሉ ክላስተር ይሆንበታል። ሬድሺፍት 0.3 አካባቢ ያሉ አቧራማ ጋላክሲዎችም ሾልከው ይገባሉ፤ በኦፕቲካል (በዓይን በሚታይ ብርሃን) ምስል ደማቅ ስለሆኑ እዚያ ታወጣቸዋለህ።

ጣጣው አዳዲስ ከዋክብት ያሞቁት አቧራ የሚታይበት 24 ማይክሮኑ ላይ ነው። የስፒትዘር መስታወት 85 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር በዚህ ሞገድ የነጥብ ያህል የሆነ ብርሃን እንኳ እስከ 6 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600 ነው) ያህል ሰፍቶ ይታያል። ሬድሺፍት 1.6 ላይ ይህ ወደ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ነው፤ በክላስተር እምብርት ሁለት ሦስት ጋላክሲ አንድ ነጠብጣብ ሊሆን ይችላል። በ2010 በሬድሺፍት 1.62 ክላስተር ላይ የወጣው ጥናት ኮከብ የሚወልዱ ጋላክሲዎች ድርሻ ወደ ጥቅጥቁ ሥፍራ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ በአቅራቢያችን ካሉት ክላስተሮች የተገላቢጦሽ። ግሩም ውጤት ነው። አንተም እሱን ፍለጋ ከሆነ የወጣኸው ግን ተጠንቀቅ፦ የጎረቤት ብርሃን አብዝቶ የሚደባለቀው እዚያው ጥቅጥቁ ቦታ ስለሆነ፣ ስሕተቱ ወደተመኘኸው መልስ ይገፋሃል።

ስለዚህ የጋላክሲዎቹን ቦታ ከሃብል ቴሌስኮፕ ምስል ለቅመህ፣ እያንዳንዱን በ24 ማይክሮኑ የነጥብ ቅርጽ (ነጥብ ሰፍቶ በሚታይበት መልክ) አስፍተህ፣ የሁሉንም ብርሃን ባንድ ጊዜ አስላ። ቅርጹን ከራሱ ምስል ውስጥ ካሉ ደማቅና ብቸኛ ነጥቦች አውጣው። ከዚያ የተሰላውን ቀንሰህ ቀሪውን ምስል በዓይንህ እይ። አንዱ ጎን ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ ከቀረ ሁለቱ ምስሎች አልተገጣጠሙም፤ መሐሉ ጠቁሮ ዙሪያው ነጭ ቀለበት ከሆነ የያዝከው ቅርጽ ጠባብ ነው። ከ3 አርክ ሰከንድ በታች የተጠጉትን ለመለያየት አትድከም፣ ድምራቸውን ጻፍ። ቀጥሎ ብርሃናቸውን የምታውቀው ሐሰተኛ ጋላክሲዎች በእምብርቱም በዳሩም ጨምረህ መልሰህ ለካ፤ የእምብርቱና የዳሩ ውጤት ልዩነት ምን ያህል እንደተሸወድክ ይነግርሃል።

ብርሃኑ ከ3.6 እስከ 8 ማይክሮን ሳይወርድ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ደግሞ ከኮከብ ወላጆች መዝገብ ሰርዘው፤ አቧራውን የሚያሞቀው ጥቁር ጉድጓዱ ነው።

የዌብ የኅዋ ቴሌስኮፕ እያለ ለምን እደክማለሁ ትል ይሆናል። እውነት ነው፣ በ6.5 ሜትር መስታወቱ በ21 ማይክሮን ከ1 አርክ ሰከንድ በታች ይለያል። ግን በዚህ ሞገድ እይታው ከ2 አርክ ደቂቃ አይሰፋም፤ የክላስተሩን ዳርቻ ካላየህ እምብርቱን ከምን ጋር ታወዳድረዋለህ?

ቀሪው ምስል ሲደርስልህ ላክልኝ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስ።

ወንድምህ