ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሌሊትም ይጻፍ

ለአዘጋጁ፣

ስለ ፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። «በወገብ መርፌ ስለሚሠራ ሕመም የለውም» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ። የሰመመን ባለሙያ ስለሆንኩ ስለ ቀሪው ልጻፍ።

ቀዶው ሲሠራ ታካሚው ከእኛ ጋር እያወራ ነው። ቡፒቫኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ግን ከሁለት፣ ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከሰዓት በኋላ እየሳቁ የወጡት አባት፣ ማታ እግራቸው መንቀሳቀስ ሲጀምር ሕመሙም ይነሳባቸዋል። በአገራችን ብዙ ቦታ እንደሚደረገው ከእምብርት በታች ተከፍተው ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ፊኛውም ለሽንት በገባው ቱቦ ምክንያት እየተኮማተረ ያሠቃያል።

መላ አለው። በዚያው መርፌ ላይ ሞርፊን የሚባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጥቂት መጨመር ነው። በሰው ላይ መሞከሩ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም። 100 ማይክሮግራም ገደማ ይበቃል፤ 10 ሚሊግራም ከያዘ አምፑል አንድ መቶኛው ማለት ነው። ሕመሙን እስከ ማግስቱ ያስታግሳል። ፌንታኒል የሚባለው ሌላ ማስታገሻ ቶሎ ይሠራል፣ ግን ለሌሊቱ አይደርስም። ዴክስሜዲቶሚዲን የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ማደንዘዣውን ያራዝማል፤ የልብ ምትና ግፊት ስለሚያወርድ ግን ለአዛውንት አልቸኩልበትም።

ሞርፊን ያሳክካል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሽንትም ይይዛል። የፕሮስቴት ታካሚ ግን ቱቦ ገብቶለት ስለሚወጣ የሽንቱ ነገር አያሳስብም። ብዙዎቹ የሚመጡት ደግሞ ሽንታቸው ጨርሶ ከተዘጋ በኋላ ነው። ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ኩላሊት ሊጎዳ የሚችለውን ዳይክሎፌናክ የተባለ ማስታገሻ እንደ ልብ አይወጉም።

ታዲያ ለምን ለሁሉም አይሰጥም? ለወገብ የሚሆነው ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) የሌለበት ሞርፊን ብቻ ነው። ሲቀጠንም አንድ ዜሮ ከተሳተ አሥር እጥፍ ይሆናል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ትንፋሹ ነው። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ወደ አንጎል ይወጣና፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፤ ሲያጋጥም ግን ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የመጀመሪያዎቹን 12 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ቀጣዮቹን 12 ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ታካሚው ይታይ ይላል። ዋርዱን ሙሉ ለብቻዋ የያዘች ተረኛ ነርስ ይህን ጊዜ ከየት ታመጣለች? እኔ ማታ የሚከታተል እንደሌለ ካወቅሁ ሞርፊኑን እተወዋለሁ። ትንፋሽ ከሚዳከም ሕመሙን መቻል ይሻላል።

ስለዚህ ዋጋው መድኃኒቱ ላይ አይደለም፣ የሌሊት ነርስ ላይ ነው። ጋዜጣችሁ ሆስፒታሎችን ቢጠይቅ ይህንን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

አስታማሚዎችም ከቀዶው በፊት «ማታ ሕመሙ በምን ይያዛል?» ብላችሁ ሰመመን ሰጪውን ጠይቁ። ሞርፊን ከተሰጣቸውና ሲጠሯቸው አልነቃ ካሉ፣ «ደክሟቸው ነው፣ ይተኙ» አትበሉ። ነርሷን ጥሩ። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለው።

ከአክብሮት ጋር
የሰመመን ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ